የግራዝማች ይገዙ መኪና ወደ ካርቡራተር የተመለሰችበት ምክንያት

በጉለሌ ለምትኖሩ፣ ከጉለሌ በላይ ለምትኖሩ፣ ለንግድም ሆነ ለለቅሶ በጉለሌ ለምታልፉ ሁሉ ይድረስ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት በገባ በስምንተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የግራዝማች ይገዙ መኪና ኮፈን ከአሥራ አንድ ወር መዘጋት በኋላ በይፋ ተከፈተ። ከውስጡም አንዲት ቀይ ዶሮ ከሰባት እንቁላል ጋር ተገኘች። ዶሮዪቱም እንቁላሎቹም በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ስንገልጽ ደስታ ይሰማናል።

ኮፈኑን የከፈተው መንገደኛ ነበር። ቶለሳ ደቻሳ ይባላል፤ እዚያው ከጉለሌ በላይ ካሉት ኮረብቶች ተወልዶ፣ ዊንጌት ተምሮ፣ ኋላም ኮሌጅ ገብቶ የሞተር ምሕንድስና የጨረሰ ወጣት ነው። እናቱን ሊጠይቅ ሽቅብ ሲወጣ፣ ግራዝማች ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ መሬት ላይ ተንበርክከው ወደ መኪናቸው ሆድ ሲጮኹ ሰማ።

«ውጪ! ውጪ ብዬሻለሁ!»

«ደኅና አደሩ አባቴ? ማን ገብቶብዎት ነው?»

«ዶሮ ናት ልጄ። ከሥር ገብታ ሞተሩ ላይ ቤት ሠርታለች። እጄ አልደርስ አለኝ።»

«ኮፈኑን ለምን አይከፍቱትም?»

ግራዝማች ትንሽ አመነቱ። ከውጭ አገር የታዘዘው ዕቃ እስኪመጣ ድረስ ማንም ሰው ያንን ኮፈን እንዳይነካ ብለው ነበር። ትእዛዙ ግን ዶሮን አይጨምርም። «በል ክፈተው» አሉት።

ቶለሳ ዶሮዪቱን አውጥቶ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ለነበሩት ለግራዝማች ባለቤት ለወይዘሮ ብርቅነሽ አቀበለ። ኮፈኑን ግን አልዘጋም። አፍጥጦ ወደ ውስጥ ያይ ጀመር።

«ግራዝማች፣ ይቺ መኪና ኢንጀክሽን ናት ለካ!»

ግራዝማች ጉልበታቸውን አራግፈው ቀና አሉ። ያንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው! «ናት እንጂ! ከኋላዋ ተጽፏል፤ ሂድና አንብበው። የሌላው ሰው መኪና ቤንዚን በቅል ይጠጣል። የእኔዋ ግን በመርፌ ተለክቶ ነው የሚሰጣት።»

ነገሩ እውነት ነው። ነጯን የፈረንሳይ መኪና ከአገር ከሚወጣ አንድ ፈረንጅ የገዟት በዚሁ ምክንያት ነበር። በተራው መኪና ላይ ካርቡራተር የሚባለው ዕቃ ይቀመጥና ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ ቤንዚኑን ከአየር ጋር እየማገ ይጠጣል። በዚችኛዋ ግን አንዲት ረቂቅ ፖምፓ ቤንዚኑን እየገፋች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር መጥና ትወጋለች። ግራዝማች ይህንን በእድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር አስረድተዋል። ሲያስረዱም ዓይናቸውን ከጎረቤታቸው ከአቶ ጉልላት ላይ አላነሡም፤ አቶ ጉልላት የዚያችኑ መኪና እኅት፣ ያውም ባለ ካርቡራተሯን፣ ይነዳ ነበርና። የእሱ መኪና ከሁለት ዓመት በፊት ተገልብጣ ጓሮው ውስጥ ስትጋደም ግራዝማች አዘኑ። «ካርቡራተር እኮ ነው» ብለውም አዘኑ።

ያን ጊዜ ጉለሌ እንዲህ አልተጠጋጋም ነበር። መኪና በሩቁ ሽቅብ ስትመጣ የማን እንደሆነች በድምፅዋ ይታወቅ ነበር። ከባሕር ዛፉ ሥር ቅጠል የሚጠርጉ ሴቶች ሳይቀሩ «ግራዝማች መጡ» ይሉ ነበር፤ ምንም ድምፅ ሳይሰሙ መኪና አጠገባቸው ሲደርስ ያቺ የግራዝማች ናትና። አሁን ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋም እንደ ድሮው አያኮራም።

«ታዲያ ለምን ቆመች?» አለ ቶለሳ።

«አልቆመችም። ዕረፍት ላይ ናት። ፖምፓዋ ከውጭ አገር እየመጣ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ታኅሣሥ።»

«በእግሩ ነው የሚመጣው?»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ፊታቸውን በዶሮዋ ጀርባ ሸሸጉ። ግራዝማች አይተዋቸዋል። «ለአስመጪው ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ» አሉ ኮስተር ብለው። «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው ብለዋል።»

«እሱማ ዶሮዋም ስታየው ከርማለች» አለና ቶለሳ ከኪሱ የብሎን መፍቻ ኪያቤ አወጣ። ሌላ ሰው መሐረብ እንደሚይዝ እሱ ኪያቤ ይዞ ይዞራል። ወደ ፖምፓዋ የምትገባውን ቀጭን ቱቦ ፈታና መዳፉን ከሥሯ ዘረጋ። ጥቂት ጠብታ ወረደ፤ መልኩ እንደ ዝገት ቀይ ነው። አሸተተው።

«ግራዝማች፣ ይኼ ቤንዚን አይደለም። ውሃ ነው። ፖምፓዋን የገደላት ውሃ ነው። ብረቷ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ አንድ ጭላፊ ይበቃታል። ከየት ገባ?»

ግራዝማች ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ አቶ ጉልላት አጥር ዞሩ።

«ጉልላት!»

«ግራዝማች፣ ኧረ በስመ አብ ይበሉ» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ።

«እሱ ነው! በቅናት! ሌላ ማን አለ?»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ዶሮዋን መሬት አወረዷት፤ ዶሮዋም ተመልሳ መኪናዋ ሥር ገባች።

እንግዲህ የአሁኑ ትምህርታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቶለሳ እጁን ጠረገና፣ እንደ ተማረ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ምክሩን አቀረበ።

«እኔ የምልዎት፣ ፖምፓዋን አውጥተን ካርቡራተር እንግጠምላት። ከአጥሩ ማዶ የተጋደመችው የጎረቤትዎ መኪና የዚችው ዘር ናት፤ ሞተሯ ደኅና ከሆነ አየር ማስገቢያውም ካርቡራተሩም ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሦስት ቀን ነው ሥራው።»

ግራዝማች ለጊዜው የሰሙትን አላመኑም። «ልጄ፣ ይኼ እኮ እኔን ከግራዝማችነት ወደ ባላምባራስነት ውረድ እንደማለት ነው።»

«የለም፣ ግራዝማች...»

«ቆይ አስጨርሰኝ። እናንተ ተማሮች ጠዋት ማታ ወደ ፊት ነው የምትሉን። ውሃ አፍሉ አላችሁን፤ አፈላን። ሴት ልጆቻችሁን አስተምሩ አላችሁን፤ አስተማርን፤ ይኸው አሁን ደብዳቤአችንን እያረሙ ይስቁብናል። እኔ በስተርጅናዬ ወደ ፊት ሄጄ፣ አንተ በመጽሐፍ የምታነበውን መኪና ስገዛ፣ ዞረህ ወደ ኋላ ተመለስ ትለኛለህ?»

«ወደ ኋላ አላልኩም። ከቆሙበት ይንቀሳቀሱ ነው ያልኩት። መሠልጠን ማለት ዕቃው ሲወልቅ የሚያጠብቀው ሰው ሠፈርዎ ውስጥ ሲኖር ነው። ዕቃው እዚህ፣ ሐኪሙ ባሕር ማዶ ከሆነ፣ መኪናዋ የእርስዎ ሳትሆን እንግዳዎ ናት። ካርቡራተርን ግን እኔም እፈታዋለሁ፤ ጋራዥ ያለ ሰው ሁሉ ይፈታዋል፤ እርስዎም ይፈቱታል።»

«እኔ? በእጄ?»

«በእጅዎ። አንድ ካቻቢቴ ይበቃዎታል።»

«እሺ፣ እንጦጦስ? እላይ አየሩ ይሳሳል። ኢንጀክሽን መጥኖ ይሰጣታል። ያንተ ካርቡራተር ዳገቱ ላይ ታፍኖ ቢሞትስ?»

ቶለሳ ጥያቄው ደስ አለው፤ ጥሩ ተማሪ ያገኘ መምህር መሰለ። «ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ለዳገት ጠበብ ያለችውን እንገጥማለን። የምንኖረው ተራራ ሥር ነው፤ መኪናችንም ለተራራ ትስተካከል።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ስለ ሞተር በሕይወታቸው ጠይቀው የማያውቁት፣ ወደ ፊት ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ይኼ የምትለው ነገር... ማለቴ፣ ትንሽ ውሃ ቢገባበትስ?»

«ምንም አይሆንም እማማ። ከሥሩ እንደ ጽዋ ያለች ኩባያ አለችው። ውሃው ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። ኩባያዋን ፈትቶ ደፍቶ መመለስ ነው።»

«ይቅር ይላል ማለት ነው።»

«እ... አዎ። ይቅር ይላል።»

ግራዝማች ጥያቄው ገረማቸው፤ ግን አላሰቡበትም። ያሰቡት ስለ ጉልላት ነበር። ከዚያ ሰው ጓሮ ዕቃ ለምኖ መግጠም! «በል ልጄ፣ እናትህ ይጠብቁሃል» አሉና ኮፈኑን በቀስታ ዘጉት። «ፖምፓው ይመጣል።»

«መቼ?» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ። «ኅዳር ጽዮን እኮ ስድስት ሳምንት ነው የቀራት።»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነበር። ወይዘሮ ብርቅነሽ በየዓመቱ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን እንጦጦ ማርያም ለመሳለም ስእለት አለባቸው። ግራዝማች በወጣትነታቸው በበሽታ ተይዘው ሲያጣጥሩ የተሳሉት ስእለት ነው። መጀመሪያ በእግር፣ ኋላ በበቅሎ፣ ኋላም በመኪና አንድም ዓመት ሳያጓድሉ ወጥተዋል። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ደግሞ ግራዝማች «እኔ እያለሁ በእግርሽ አትወጪም» ብለው ቃል ሰጥተዋቸዋል። ባለፈው ዓመትም ወጥተው ነበር። መኪናዋ የተበላሸችው ሲመለሱ፣ ገና ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው። ሞተሩ ድንገት ጠፋ፤ ግራዝማችም ፍሬን እየያዙ እስከ ቤታቸው ደጃፍ አንከባለሏት። ያለ ሞተር መድረሷን ለብዙ ጊዜ የኢንጀክሽን ጥቅም አድርገው ሲያወሩ ነበር።

«በእግሬ እወጣለሁ» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ።

«አትወጪም።»

«ግዴለም፤ እወጣለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቶለሳ ወደ እናቱ በወጣ ቁጥር ጎራ ይል ጀመር። አንድ ቀን የካርቡራተርን ጥቅም በሰባት ክፍል ጽፎ መጣና ቆሞ አነበበ። አንደኛው ስለ ጥገና ነው፤ ሁለተኛው ስለ ቤንዚን ጥራት፤ ሦስተኛው ስለ አገር ኢኮኖሚ። አራተኛው ላይ ግራዝማች እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ሰባተኛው ላይ ደርሷል። «በጥሩ አማርኛ ነው የጻፍከው» አሉት። «ፖምፓው ግን ይመጣል።» በዚያው ሳምንት እድሩ ተሰብስቦ፣ አቶ ጉልላት እጁን ዘርግቶ ሰላም ሲላቸው፣ ግራዝማች እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተው «ውሃ ነክቶታል» አሉ። ሰው ሁሉ ነገሩ ገባው። አቶ ጉልላት ግን አልገባውም፤ እጁን አገላብጦ አየው።

ኅዳር ከገባ በኋላ አንድ ማለዳ ግራዝማች ሲነቁ ባለቤታቸው የሉም። ምርኩዛቸውም የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ግራዝማች ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ ጤዛው ላይ የዱካውን ምልክት እያዩ ወደ ላይ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ በቅሎ ባለቻቸው ዘመን ይወጡበት በነበረው በአሮጌው መንገድ ሄዱ። ያንን መንገድ ረስተውት ኖሯል። ድንጋዩ ግን እንዳለ ነው። እዚህ ቦታ በቅሎዋ እምቢ ብላ ቆማ ብርቅነሽ በሳቅ ሞተው ነበር፤ ያኔ ሳቃቸው ከበቅሎዋ ይልቅ ያስደነግጥ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ ዝናብ ይዟቸው፣ ሁለቱም በአንድ ካባ ሥር ቆመዋል።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያሻሉ። እንደ ልጅ ተደብቀው ሲለማመዱ መያዛቸውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አሉ ግራዝማች።

«አምስተኛዬ። መጀመሪያ እስከ አጥሩ ነበር። ዛሬ እዚህ ደረስኩ።»

«ቃል ሰጥቼሽ የለም እንዴ? ምን አጣደፈሽ?»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አስደገፉ። «በእግሬ መውጣት የሚገባኝ እኔ ነኝ» አሉ። «ጉልላትን ይተዉት። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ውሃም አይደለም፤ ጠበል ነው። አምና ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ሲያቃስት ሰማሁት። እንደ ሰው ነበር ያቃሰተው፣ ግራዝማች። አዘንኩለት። እርስዎ ከሰዎቹ ጋር ቆመው ሲጫወቱ የቤንዚን መጨመሪያዋን ክዳን ከፍቼ ለጉልበቴ ከያዝኩት ላይ ግማሹን ጠርሙስ ሰጠኋት። ትበረታለች ብዬ ነው።»

ግራዝማች ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። የመጣባቸው ቁጣ ግን ከአንደበታቸው ሳይወጣ ሌላ ነገር ሆነ። ለጉልበታቸው የያዙትን! ለመኪና!

«ግማሹስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እርስዎ ጠጥተውታል። ሻይ ውስጥ ጨምሬልዎት ነበር።»

«ለዚህ ነዋ እኔ ያልቆምኩት።»

ወይዘሮ ብርቅነሽ ሳቁ፤ ያ የድሮው ሳቅ ነበር፤ ከዛፉ ላይ ወፍ አስነሣ። ግራዝማች ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ሊሉ ነበር፤ መልሱን ግን ራሳቸው ያውቁታል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ መጀመሪያ የሸጠላቸውን ፈረንጅ፣ ቀጥሎ አስመጪውን፣ በመጨረሻም ጉልላትን ሲከስሱ፣ ይህች ሴት በየትኛው ቀዳዳ ቃል ታስገባ? ምርኩዙን ተቀበሏቸው፤ ክንዳቸውን ሰጧቸው፤ ቁልቁል ወረዱ። መንገድ ላይ ስለ ዶሮዋ ብቻ ነው ያወሩት።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ግራዝማች ካፖርታቸውን ለብሰው የአቶ ጉልላትን በር አንኳኩ።

«እንደምን አደርክ ጉልላት?»

አቶ ጉልላት ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየ። «ዛሬ ምን ሊዘንብብን ነው?»

«ካርቡራተርህን ፈልጌ መጣሁ።»

«እስቲ ድገመው።»

«ሰምተኸኛል።»

«ሰምቼሃለሁ። ደስ ስላለኝ ነው።»

«ካርቡራተርህን ፈልጌ መጣሁ» አሉ ግራዝማች፤ ቀጥለውም እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ። «እጅህም ደኅና ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ።»

«ታዲያ ውሃውን ማን...»

«የካርቡራተሩን ነገር ንገረኝ።»

አቶ ጉልላት የተዘረጋውን እጅ አየ፤ ጨበጠው፤ ጓሮውን ከፈተ። ዋጋ ሲጠየቅም እምቢ አለ። «የኋላዋን ጽሑፍ ብቻ ስጠኝ» አለ። ግራዝማች እቤታቸው ተመልሰው፣ በየሳምንቱ በጨርቅ ይወለውሏት የነበረችውን፣ «ኢንጀክሽን» የምትለዋን የብረት ጽሑፍ በገዛ እጃቸው ነቅለው ወሰዱለት።

ቶለሳ ሦስት ቀን ሠራ። ፖምፓዋን አወጣ፤ የነበረችበትን ቀዳዳ በላሜራ ከደነ፤ ከጉልላት መኪና አየር ማስገቢያውንና ካርቡራተሩን አምጥቶ ገጠመ፤ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ሰርባቶዮ አጠበ። ሞተሩ ሲነሣ አንድ ሁለቴ ሳለና ተንደቀደቀ። ግራዝማች ያፍራሉ ተብሎ ሲጠበቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ጀመር። የወጣትነታቸው ድምፅ ነበር፤ ያኔ ገና መኪና ሲመጣ ልጅ ሁሉ ከአጥር የሚዘልለት፣ ከሩቅ «መጣሁ» እያለ የሚመጣ ድምፅ። ያቺ ዝምተኛ መኪና ይህን ብላ አታውቅም። ከሠፈሩ ታች አንዲት ቅጠል ጠራጊ ድምፁ ከማን ግቢ እንደሚመጣ ለይታ «ግራዝማች ናቸው!» ስትል ተሰማ።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ወጡ። ግራዝማች መሪውን ይዘዋል፤ ወይዘሮ ብርቅነሽ አጠገባቸው፤ ቶለሳ ሰባቱን ክፍል በኪሱ ይዞ ከኋላ። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ሞተሩ ሳለ፤ ተንገዳገደ፤ ቆመ። ቶለሳ ሊወርድ ሲል ግራዝማች ከለከሉት። «ካቻቢቴውን ወዲህ በል።» ወርደው፣ የካፖርታቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ የተባለችውን ኩባያ ራሳቸው ፈቱ። ከሥሯ፣ ከቤንዚኑ በታች፣ የብር ሳንቲም የምታህል ውሃ ተኝታለች፤ ከሰርባቶዮው ማዕዘን ተደብቃ የቀረች መሆን አለባት። ግራዝማች በመስታወቱ ውስጥ ባለቤታቸውን አዩ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ተራራውን እያዩ ነበር። ግራዝማች ውሃዋን መንገድ ላይ አልደፉም፤ ሣሩ ላይ፣ ሰው በማይረግጥበት በኩል፣ በቀስታ አፈሰሷት። ኩባያዋን መለሱ። መኪናዋ ተነሣች።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን ወይዘሮ ብርቅነሽ ጠርሙሳቸውን ሞልተው መጡ። ግራዝማች ኮፈኑ ላይ መታ መታ አደረጉና «ከላይ» አሏቸው። ወይዘሮ ብርቅነሽ ጥቂት ከላይ ረጩላት። «የቀረው ለጉልበትሽ ነው፤ ሻዬንም ተይው» አሉ ግራዝማች።

ቶለሳ ይህን ሁሉ አላስተዋለም፤ ድል የነሣ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ይታወራል። እግረኛው እያለፈ ሳለ ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ፣ የሥራውን ፍሬ ዘረዘረ። አሁን መኪናዋ ስትበላሽ ደብዳቤ መጻፍ ቀርቶ ብሎን መፍታት ይበቃል። ዕቃዋ ጎረቤት ጓሮ ይገኛል፤ ጎረቤትም በዚያው ይገኛል። ቤንዚኗ ቆሻሻ ቢሆን ትታገሣለች። ባለቤቷ ሆዷ ውስጥ ያለውን ያውቃል፤ የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ሰው አይፈራም። አዲስ ነገር ጥሩ የሚሆነው ለኖርንበት መሬት ሲስማማ እንጂ ከሩቅ ስለ መጣ ብቻ አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ ጸሐፊውም በሙሉ ልቡ ይስማማበታል።

«ግራዝማች» አለ ቶለሳ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ። «ይህንን ለወጣቶች ማኅበር ልናገርበት ነው። ከሰባቱ ምክንያቶች እርስዎን ያሳመነዎት የትኛው ነው? ሰባቱም ሲነበቡ እምቢ ብለው፣ በሳምንቱ አንድ ጠዋት ምን አግኝተው ተነሡ? ውሃውስ ጉልላት ካልሆነ ማን ነው የጨመረው?»

ግራዝማች ወደ ባለቤታቸው አዩ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መኪና ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ግራዝማች ቤንዚን የሸተተ እጃቸውን አሸቱት፤ በሩንም ከፈቱ።

«አልናገርም» አሉ። «ግባ፣ እንሂድ።»